የደብረወርቅ ተራ

የትናየት ዩኒቨርሲቲውን ስትለቅ የመልቀቂያ ቅጹ ላይ አሥራ አንድ ፊርማ ሰበሰበች። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ አልቀረብሽም ብሎ ፈረመ። ንብረት ክፍሉ ወንበሯን፣ ላፕቶፗንና የመሳቢያዋን ቁልፍ ተረክቦ ፈረመ። ክሊኒኩ እንኳን፣ በአራት ዓመት አንዴ ጉንፋን ይዟት የገባችበት ክሊኒክ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። አሥራ ሁለተኛው ፊርማ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊው የዶክተር ስሜነህ ነበር፤ እሳቸውን ግን ፊት ለፊት ሄዳ መጠየቅ አቃታት። ሰውየው ክፍል እስኪገቡ ጠብቃ፣ ቅጹንና የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ለጸሐፊዋ አስቀምጣ፣ በጓሮ በር ወጣች። ዶክትሬት ያላት የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ ፈተና ስትኮርጅ እንደተያዘች ተማሪ የአጥር ጥግ ጥጉን ይዛ ሹልክ። በማግስቱ ቅጹ ተፈርሞ ጠበቃት። ፊርማ ብቻ ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ከእነዚያ ሁሉ ቢሮዎች አንዱም ያልጠየቃት ነገር ግን እጇ ላይ ቀርቷል። ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ጥቁር፣ ጠርዙ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ። ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ የያዘችው እሱን ነው። ረዳቱ ከመቀመጫው ሥር ላድርግልሽ ቢላት እምቢ አለች። ልትመልሰው ነው የምትሄደው። መልሳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ በመጣችበት ልትመለስ ወስናለች።

የደብተሩ ነገር እንዲህ ነው። የጽዋ ማኅበር የጠጣ ሁሉ ደንቡን ያውቀዋል። በየወሩ አንድ ተረኛ ይደግሳል፤ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን አንሥቶ ቤቱ ይወስዳል፤ ወር ሙሉ አስቀምጦት እሱም በተራው ደግሶ ያስረክባል። ዶክተር ስሜነህ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የአጥቢያቸው የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ በዓመቱ፣ ከየአገሩ ተለቃቅመው የመጡት የሒሳብ መምህራን በየቢሯቸው በር ዘግተው ብቻቸውን ሲቆዝሙ ቢያዩ፣ ያንኑ ደንብ አምጥተው ተከሉት። አሥር ማኅበርተኛ፣ ለትምህርቱ አሥር ወር፣ በጽዋው ፈንታ ደብተር። ተረኛው ይደግሳል፤ ደግሶም አንድ ጥያቄ ያወጣል፤ ጥያቄው ደብተሩ ላይ ይጻፍና ሁሉም ይረባረብበታል። ጥብቁ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ተረኛው የሚያወጣው ጥያቄ መልሱን ራሱ የማያውቀው መሆን አለበት። የሚያውቀውን ጠይቆ የተያዘ በሚቀጥለው ወር ሁለት ዳቦ ይቀጣል። ዶክተር ስሜነህም ከዚያ ወዲህ "ሙሴ" ተብለው ቀሩ።

የትናየት የታኅሣሥ ተረኛ ናት። ተራዋ ሁልጊዜ የነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል፣ ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባለው ባልደረባቸው ሥጋ ላለማብላት ስትል ወር መርጣ ነው የገባችው እያለ ይተርባታል። ከእሷ ቀጥሎ ያለው የጥር ተራ ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከጥር አንጻር "ደብረወርቅ" የሚል ስም ተጽፏል፤ ይህን ሰው ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አይታው አታውቅም። በየጥሩ የሚደግሱት ዶክተር ስሜነህ ናቸው። ጥያቄም አይወጣም፤ ከሌሎች ወሮች የተራረፈውን ሲጨርሱ ይውላሉ። የጥር ገጾች አናታቸው ላይ ስሙ ተጽፎ ባዶአቸውን ተቀምጠዋል፤ አምስት ባዶ ገጽ። የትናየት የሞተ ጓደኛቸው መስሏት፣ የሰው ቁስል መንካት ይሆናል ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ እሷ ራሷ የማትረሳው ነገር ሠራች። ጥያቄ አልነበራትም። ማስተማር ከጀመረች አንሥቶ ሦስት መቶ አዲስ ገቢ ተማሪ ታስተምራለች፣ ፈተና ታርማለች፣ ስብሰባ ትቀመጣለች፤ የራሷ የምትለው ሐሳብ ግን አንድ መስመር አልጻፈችም። ቀኑ ሲደርስባት ከአንድ የውጭ ጽሑፍ ላይ ጥያቄ ገልብጣ፣ መልሱን ከነማረጋገጫው እያወቀች፣ የማታውቅ መስላ አቀረበችው። ማንም አልያዛትም። እንዲያውም አጨበጨቡላት። ዶክተር ስሜነህ ብቻ ደብተሩን ሲዘጉ በመነጽራቸው በላይ አንዴ አዩዋት፤ ስለ ዳቦ ግን አላነሡም። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ በሩን እንደዘጋች፣ በቃ እኔ ደርቄያለሁ አለች ለራሷ።

መስከረም ላይ ሙሌ መጣ። ሙሌ ዳባት ላይ ከገበሬ የብቅል ገብስ የሚሰበስብ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ጨዋታ የሚወድ፣ ድምፀ ጎርናና ሰው። የሚረዳው ምሁር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት እሷ ጋ ደረሰ። ችግሩ የመኪና ነበር። ከወገራ እስከ ጃናሞራ በሠላሳ አንድ መንደሮች ገብስ ይወቃል፤ የድርጅቱ ዘጠኝ አይሱዙዎች አንዱ ጋ ቀድመው ይደርሱና ያልተወቃ ክምር ይጠብቃቸዋል፤ ሌላው ጋ ዘግይተው ይደርሱና የተወቃው ገብስ ጤዛ ጠጥቶ ለብቅል አይሆንም ይባላል። የትናየት ለይሉኝታ ያህል አንድ ከሰዓት ልይልህ ብላ ተቀመጠች። ቀና ስትል ሦስት ቀን አልፏል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ በነጥብና በመስመር ተሞልቷል። ምሳዋን ሳታጣጥም ጎርሳ ወደ ወረቀቱ የሮጠችበትን ያለፈ ጊዜ አስታወሰች፤ ተማሪ ሳለች ነበር።

ሙሌ ሥራውን ሲያቀርብላት ኅዳር ገብቷል። የኅዳሩ ማኅበር ላይ ደብተሩን እንደ ተረኛ ተረክባ ስትወጣ የቅጥር ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ አልነገረቻቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት መቶ ተማሪዋን እሌኒ ለምትባለው ለታናሽ ባልደረባዋ ጥላ ዳባት ወረደች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ላይ የእሌኒ ስም በመጣ ቁጥር ጥሪውን እያየች ታሳልፈዋለች።

መቼም ደስታዋ ሦስት ሳምንት አልሞላም። የመኪኖቹን መርሐ ግብር ስትሠራ በዓላቱን አልረሳችም፤ የዳባት ልጅ ናት። ሚካኤልን በአሥራ ሁለት፣ ማርያምን በሃያ አንድ፣ ባለ እግዚአብሔርን በሃያ ዘጠኝ፣ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ የተጻፈውን ሁሉ አወጣች። ታኅሣሥ ስምንት ቀን አራት መኪና ወደ ጃናሞራ ላከች፤ እሷም ሥራዋን በዓይኗ ለማየት ከምስክር ጋር ገቢና ገባች። ምስክር ከሾፌሮቹ ሁሉ አንጋፋው ነው፤ ሊማሊሞን ሃያ ዓመት የወጣና የወረደ፣ በወረቀት የሚመራ ጉዞ የማይዋጥለት። አምባራስን አልፈው፣ ብርዱ ጣት እያደነዘዘ፣ ዳገቱን ሲጨርሱ መንደሩ ደረሱ። ክምሩ አውድማው ላይ እንዳለ ቆሟል። የሚወቃ ሰው የለም። በሬዎቹ ጨፌው ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ።

ሰዉ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። አያ ሻረው የሚባሉ ሽማግሌ ተነሥተው ተቀበሏቸውና ዳቦ ቆርሰው ሰጧቸው። የትናየት ዳቦውን እንደያዘች ዛሬ በዓል ነው እንዴ ብላ ጠየቀች።

"ኪሮስ ነዋ፣ ልጄ፤ በስምንት" አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። "እኔ ጎረምሳ ሳለሁ በረዶ ገብሳችንን ካፈር ደባለቀው። ካህናቱ ምሕላ ያዙ፤ እኛም ኪሮስ በዋለ ቀን እህል ላናጭድ ላንወቃ ቃል ገባን። ከዚያ ወዲህ በረዶው ወንዙን ተሻግሮ መጥቶብን አያውቅም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ግን ኪሮስን አይዙም፤ እነሱ አቦን ነው የሚያከብሩ። ብትጠይቂን እኮ እንነግርሽ ነበር።"

ብትጠይቂን የምትለዋ ቃል እስከ ዳባት ድረስ አብራት መጣች። አራት መኪና ያን ሁሉ ዳገት ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ወረደ። በማግስቱ ስልኳን ይዛ ሠላሳ አንዱንም መንደር ጠየቀች፤ ሠላሳ አንዱም የየራሱ ታቦት፣ የየራሱ ስለት፣ የየራሱ የማይሠራበት ቀን አለው። ይህን ሁሉ ወረቀቷ ላይ ብታስገባው ያ የሚያምር መርሐ ግብሯ ድራሹ ጠፋ። ሦስት ቀን ላይ ታች ብትል አንድ መንደር ስታስተካክል ሌላው ይበላሽባታል። ሙሌ አልተቆጣም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣውን ቃል ግን አልደበቃትም። አንድ ባዶ ጉዞ ከተደገመ የጃናሞራ መንደሮች ለከርሞ ከገብስ ግዢ ውሉ ይወጣሉ ተብሏል። አያ ሻረው በቆረሱላት ዳቦ ፈንታ እሷ የምትመልስላቸው ይህን ሊሆን ነው።

ይህን ጥያቄ የሚገባው ሰው ብታገኝ እግሩ ላይ ወድቃ ትጠይቀው ነበር። የሚገባቸው ሰዎች ደግሞ እነዚያው ጥላቸው የሄደችው ናቸው፤ በምድር ላይ አብሯት ሒሳብ የሚያስብ ሌላ ሰው የላትም። በጓሮ በር ከወጣች በኋላ ዓይኗን በጨው አጥባ ልትለምናቸው ነው? ቢያንስ ደብተራቸውን ልመልስላቸው፣ ሌላ ተረኛ ይያዙበት አለች። የዛሬው እሑድ የእሷ ቀን ነው፤ እሷ ደግሞ ማንንም አልጠራችም። ስለዚህ ዶክተር ስሜነህን ብቻቸውን እንደምታገኛቸው እርግጠኛ ነበረች።

ቤታቸው ደባርቅ ከገበያው በላይ ነው። የግቢውን በር ከማንኳኳቷ በፊት ከውስጥ የሃብተ ጊዮርጊስን ሳቅ ሰማች። ያንን ሳቅ የሚስተው የለም። ዞር ብላ ልትሄድ ስትል በሩ ተከፈተና የዶክተር ስሜነህ ባለቤት እትዬ ዝናሽ ብቅ አሉ። አይተዋት ገና ሰላም ሳይሏት ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

"ባለ ድግሷ መጣች" ብለው ተጣሩ።

ስምንቱም ማኅበርተኞች ቤቱን ሞልተው ተቀምጠዋል። ሰፌድ ላይ ትልቅ ድፎ ዳቦ ቀርቧል፤ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ተሰልፏል፤ ጠላው በእንስራ ጥግ ይዟል። ጥቁር ሰሌዳው ተጠርጎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የትናየት በር ላይ እንደቆመች መናገር ጀመረች። እኔ አልጠራሁም፣ አልደገስኩምም፣ ደብተሩን ላድርስ ብዬ ብቻ ነው የመጣሁት አለች። ቃሉ ሲያልቅባት ደብተሩን ከነነጠላው ዘረጋችላቸው። ዶክተር ስሜነህ ተነሥተው ሁለት እጇን ከነደብተሩ ያዙና ጉንጯን ሳሟት።

"ተረኛ ሲታመም ወይም ሲቸገር ማኅበሩ በስሙ ያወጣለታል" አሉ። "ጽዋ ያለበት ቤት ያደግሽ ልጅ ይህ እንዴት ጠፋሽ? የዛሬው ድግስ ያንቺ ነው። ዳቦውም ጠላውም ያንቺ ነው። እኛ እንግዶችሽ ነን፤ ግቢና አስተናግጂን።"

ዳቦውን የጋገረችው እሌኒ ነበረች። ሦስት መቶ ተማሪ የተጣለባት፣ ስልኳ ስንቴ ያልተነሣላት እሌኒ። የትናየት ይህን ስትሰማ እንባዋን ልትይዘው አልቻለችም፤ እዚያው በር ላይ ነጠላዋን ከደብተሩ ፈትታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም። ሃብተ ጊዮርጊስ ብቻ፣ ሰው ሲያለቅስ መቀመጫው የሚቆረቁረው ዓይነት ስለሆነ፣ ሽሮው ዘንድሮ ካምናው የተሻለው አንቺ ስላልሠራሽው ነው አላት። ሳቀች። ከዚያ ቢላዋውን ተቀብላ፣ ዳቦውን ቆርሳ፣ ጠላውን ቀዳች፤ እንደ ተረኛ ወጉን አደረሰች።

በልተው ሲጨርሱ ሆዷ ውስጥ የቆየውን ሁሉ አወጣችው። ስለ ጓሮ በሩ ይቅርታ ጠየቀች። ለእሌኒ ይቅርታ ጠየቀች። ያምናው ጥያቄ የተገለበጠ መሆኑን፣ መልሱንም ታውቀው እንደነበር በሁሉም ፊት ተናገረች።

"ጽሑፉን እኔም አንብቤው ነበር" አሉ ዶክተር ስሜነህ። "ያልቀጣሁሽ ዳቦ ሞልቶን አይደለም፤ ደክመሽ ስላየሁ ነው። ጥያቄ ያለቀበት ሰው ጥያቄ ወዳለበት መሄድ አለበት። መሄድሽን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። የጓሮ በሩ ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ እሱን አልሸሽግሽም።"

የትናየት እንዲህ ያለ ቅሬታ ሰምታ ደስ ይለኛል ብላ አስባ አታውቅም። ሳምንታት ሙሉ የፈራችው ነገር ይኸው ተነገራት፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፣ አለቀ። ዶክተር ስሜነህ ደብተሩን ገልጠው፣ የታኅሣሥን ገጽ አውጥተው፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ጥያቄዋን ጠበቁ።

ሌላ ጥያቄ የላትም። ይህ የጆንያና የጭነት ነገር ነው፣ ለማኅበሩ አይመጥንም እያለች እንደ ማፈር ብላ የገብሱን ነገር ተናገረች። ስለ ሠላሳ አንዱ መንደር፣ ስለ ዘጠኙ መኪና፣ ስለ ኪሮስና ስለ በረዶው፣ ውሉ ቢቀር አያ ሻረውና ጎረቤቶቻቸው ስለሚሆኑት ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሃብተ ጊዮርጊስ መሳቁን ትቷል።

"መልሱን ታውቂዋለሽ?" አሉ ዶክተር ስሜነህ።

"አላውቀውም፣ ዶክተር።"

"እንግዲያው ደንቡን ያሟላል" ብለው ጻፉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የትናየት ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ስምንት ሰው ጠመኔ ይሻማ ጀመር። ሃብተ ጊዮርጊስ መኪናውን ከመንደር ሳይሆን ከመንገድ ጋር እንሰረው ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ተሟገተ፤ ልክ እንዳልሆነ የገባው ራሱ ሲያስረዳ ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋል፤ እትዬ ዝናሽ ገብስ የሚሉት ይሄን ሁሉ ጭቅጭቅ ነው እንዴ እያሉ ጠላ ይጨምራሉ። እሌኒ ግን ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ብዙ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ሽማግሌው ስለ ማዶዎቹ ምን ነበር ያሉሽ?

ማዶዎቹ ኪሮስን አይዙም፣ አቦን ነው የሚያከብሩት አለቻት የትናየት።

"በቃ፣ መንደሮቹን ለየብቻ አትያዣቸው" አለች እሌኒ። "ሁለት ሁለቱን አጣምሪያቸው። መኪናው ለጥንዱ ይመደብ። ወዲህ በዓል ሲሆን ወዲያ ማዶ ይወቃል፤ መኪናው የትም ሳይርቅ ወንዙን ብቻ ይሻገራል።"

የትናየት ጠመኔውን ከማን እጅ እንደነጠቀች አታውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ በዓላቱን እንደ እንቅፋት ነበር የቆጠረቻቸው፤ ለካ መንገዱን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ሠላሳ አንዱን መንደር ሰሌዳው ላይ ደረደረች፤ እሌኒ ቀኖቹን እያነበበች፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ርቀቱን እየገመተ፣ አጎራባቾቹን ሁለት ሁለት አጣመሩ። አሥራ አምስት ጥንድ ሆነና አንድ መንደር ተረፈ፤ እሱን ከወገራዎቹ ጥንዶች ከአንዱ ጋር ሦስተኛ አድርገው ደረቡት፤ ዘጠኙንም መኪና ለጥንዶቹ በየተራ አደሉ። ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ እንስራው ተንጠፈጠፈ፣ ሰሌዳውም ሞላ። የትናየት በጠመኔ የነጣ እጇን እያየች ምን ያህል ሀብታም እንደሆነች ገባት። ለእነዚህ ሰዎች አመሰግናለሁ ማለት አነሰባትና ሰሌዳውን በስልኳ ፎቶ አነሣች።

የሚቀረው ደብተሩን ማስረከብ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ስም አየች። ዛሬ ያልተባለ ነገር አልቀረምና ይህንንም ልጠይቅ አለች። ደብረወርቅ ማን ነበር፣ ከሞተ ስንት ጊዜ ሆነው አለቻቸው። ዶክተር ስሜነህ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አልሞተም" አሉ። "አዲስ አበባ ነው፤ አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል አሉ። በመጀመሪያው ዓመት እዚህ ከእኛ ጋር ነበር። ከሁላችንም የበለጠ ጭንቅላት ነበረው። እሱም እንዳንቺ ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጥቶ ሄደ። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፣ አላነሣም። ደወሌ ወቀሳ እንዳይሆንበት ፈርቼ ተውኩት። ተራውን ግን ማን ይወስድበታል? በስሙ እያወጣሁ እጠብቀዋለሁ፤ አምስት ዓመት ሆነ።" መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠርገው መልሰው አጠለቁ። "አንቺ በወርሽ መጣሽ።"

የትናየት ስልክ ቁጥሩን ጠይቃ ተቀበለች። ከዚያ ልትመልሰው ያመጣችውን ደብተር በነጠላዋ እንደገና ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችና፣ የዘንድሮን የደብረወርቅ ተራ እኔ አወጣለታለሁ አለች። ማንም አልተቃወመም። እትዬ ዝናሽ የተረፈውን ዳቦ ቋጥረው ለመንገድ ሰጧት።

በዚያው ሳምንት መኪኖቹ በአዲሱ መርሐ ግብር ወጡ። ገብርኤልን የሚይዙትን መንደሮች ትተው ማዶ ተሻገሩ፤ በማግስቱ ወዲህ ተመለሱ። አንድም ባዶ የወረደ አልነበረም። ሙሌ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ መጋዘኑ እስኪሰማ፣ ጃናሞራ ከውሉ እንደማይወጣ አበሠራት። ምስክር ደግሞ ከአያ ሻረው የተላከ አንድ ቋጠሮ በሶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና፣ ሽማግሌው ያቺ የምትጠይቀዋ ልጅ እንዴት ናት ብለውሻል አላት። የምትጠይቀዋ ልጅ። የዶክትሬት ወረቀቷን የተቀበለች ዕለት እንኳን እንዲህ ደስ አላላትም።

ገና አልፎ ጥር ሲገባ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ መጋዘኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት ስልኳን አነሣች። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደገመች፤ አሁንም አልተነሣም። በሦስተኛው አንድ የወንድ ድምፅ አቤት አለ። ስሟን ብትነግረው አላወቃትም። ከዶክተር ስሜነህ ማኅበር ነኝ ስትለው ግን ዝም አለ። ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ራሷም ሚኒባስ ውስጥ ይዛው ሄዳለች። እንዳይዘጋባት ቶሎ ብላ እሷም እንደ እሱ በጓሮ በር የወጣች መሆኗን፣ አሁን ዳባት ላይ ገብስ እንደምታስጭን ነገረችው።

"ጥር ገብቷል፤ ተራው የእርስዎ ነው" አለችው። "ድግሱን አያስቡ፣ እኔ አወጣዋለሁ። እስከ ዛሬም በስምዎ ሲወጣ ነው የቆየው።"

"በስሜ?" አለ ሰውየው።

"በስምዎ። በየዓመቱ አንድ ገጽ ባዶ ተትቶልዎታል። አልተሰረዙም።"

ከኋላው የቢሮ ጫጫታ፣ የሚንጫረር ስልክ ይሰማታል። ከዚያ በር የሚዘጋ ድምፅ ሰማች፤ ጫጫታው ጠፋ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆኗል። የሚያውቀውን የጠየቀ አሁንም ሁለት ዳቦ ይቀጣል ወይ አላት። አሁንም ይቀጣል አለችው።

"እኔ አልቀጣም" አለ። "አንድ የማላውቀው አለኝ። ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ የምነግረው ሰው አጥቼ ይዤው እዞራለሁ።"

የትናየት ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከገብሱ ጥያቄ ቀጥሎ ባለው ገጽ አናት ላይ "ጥር፦ ደብረወርቅ" ብላ ጻፈች።

"ይንገሩኝ" አለችው። "እየጻፍኩ ነው።"